በርበሬ የተወችው የገሳይ ወጥ ሠሪ

ከወረታ ወልዲያ የሚመላለስ ሾፌር ጥሩወርቅን የማያውቃት የለም። ገሳይ ከተማ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር ካለችው ምግብ ቤቷ ቀይ ወጥ ሳይበላ ያለፈ ሰው ወይ ጾም ይዞታል ወይ ታሟል ይባል ነበር። ደንበኞቿ ያላወቁት ነገር ቢኖር፣ ባለሙያዋ ራሷ የሠራችውን በልታ በሰላም ካደረች ዓመታት ማለፋቸውን ነው።

ቃር ነበረባት። ጎምዝዞ የሚያልፍ ዓይነት አይደለም። ከሆዷ ይነሳና ደረቷን እየፋጀ እስከ ጉሮሮዋ ይወጣል፤ አፏ ኮምጣጣ ውኃ ይሞላል። ጋደም ስትል ስለሚብስባት ግድግዳ ተደግፋ ታንቀላፋለች። ባሏ ካሳሁን በጉና ተራራ ግርጌ ድንችና ገብስ የሚያመርት ገበሬ ነው፤ ያልሞከረላት አልነበረም። አብሽ አጠጣት፣ ተልባ አስበጠበጠላት፣ ወንዛዬ ፍል ውኃ ድረስ ወሰዳት። ፍል ውኃው ወገቧን አሽሎት ነበር፤ ስትመለስ ግን ርቧት መንገድ ላይ ጥብስ በሚጥሚጣ በላችና ቤቷ ሳትገባ ደረቷ ነደደ።

በመጨረሻ ካሳሁን፣ «ሐኪም ካላየሽ ድንቹን አላወጣም፤ እዚያው ይበስብስ!» ብሎ አኮረፈ። የድንች መውጫ ነበርና ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ጥሩወርቅ ደብረ ታቦር ወረደች።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለቻት ሀያት የምትባል ወጣት የጤና መኮንን ነበረች። ሆዷን ዳበሰቻት፤ ስትውጥ ይዟት፣ ከስታ ወይም ደም አስመልሷት እንደሆነ ጠየቀቻት። ምንም አልነበረም። ቀጥላ ሥራዋን ጠየቀች።

«ወጥ ነው የምሠራው።»

«ሲሠሩ ይቀምሳሉ?»

«ሳልቀምስማ ምኑን ሠራሁት? መዳፌ ላይ ጠብ እያደረግሁ ስልስ ነው የምውለው።»

«እራትስ?»

«እንግዳዬን ሳላበላ? የመጨረሻው ሲሄድ ጥግብ እልና ወዲያው ጋደም ነው፤ ሲያቃጥለኝ ተነሥቼ ግድግዳ እደገፋለሁ።»

ሀያት መድኃኒት ጻፈችላት። «ክኒኑ እሳቱን ያበርድልዎታል፤ እንጨቱን ማውጣት ግን የእርስዎ ፋንታ ነው» አለቻት። በርበሬው፣ ቅባቱ፣ ቡናውና ጠላው ይቅር፤ ምግቡ ጥቂት ጥቂት ይሁን፤ እራት በጊዜ ይበላ፤ የአልጋው ራስጌ ከፍ ይበል።

ጥሩወርቅ መጀመሪያ ሳቋ መጣ፣ ከዚያ እንባዋ። «በርበሬ ተዪ ትይኛለሽ ልጄ? ቄሱን ቅዳሴ ተው እንደ ማለት እኮ ነው!»

«ለደንበኛ መሥራቱን አልከለከልሁዎትም፤ መቅመሱን ለሌላ ይስጡ።»

ይኸኛው ከሁሉ ባሰባት። በማጀቷ ከእሷ በቀር ወጥ የቀመሰ ሰው የለም። ሽንኩርት በመክተፍ የኖረችው ረዳቷ ዘነበች ማንኪያውን ተረከበች።

«ጨው አንሶታል» አለች ዘነበች።

«እርግጠኛ ነሽ?» ብላ ጥሩወርቅ መዳፏን ዘረጋች። ዘነበች መዳፏን ቸብ አድርጋ መለሰቻት። ጨው ተጨመረ፤ የዚያን ዕለት ድስቱ ተጠርጎ ተበላ።

ለራሷ ትንሽ ድስት ለየች። ካሳሁን ያወጣውን ድንች ቀቅላ ቀመሰችና ፊቷ ተኮማተረ። «ይኼ የበሽተኛ ምግብ ነው። ጥሩወርቅ እንዲህ ያለ ነገር ከእጇ አይወጣም!» አለች። ከዚያ ወዲያ እልህ ያዛት። ሽንኩርቱን አሳነሰች፤ ነጭ ሽንኩርቱ ደረቷን ሲነካት ጨርሶ አስቀረችው። እርድ ጨመረች፣ ኮረሪማ ነሰነሰች፣ ከጉና የሚመጣውን ጦስኝ ሞከረች፤ መረቁን በገብስ ዱቄት አወፈረችው። አንድ ቀን አንድ ማንኪያ ጎረሰች። ደገመች። እጇ አልከዳትም።

ቃሩም እያደር ለቀቃት። አንድ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ካሳሁን ቢያያት በጀርባዋ ተዘርግታ ተኝታለች፤ ደንግጦ ትንፋሿን አዳመጠ። «ምነው፣ ሞታለች ብለህ ነው?» ብላ ስትስቅ እሱም ሳቁ አመለጠው።

ማሩ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር አንድ ቀን ምሳዋን ስትበላ ደረሰባት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የእኔ ነው። ላንተ አይሆንህም።»

«እስቲ አቅምሽኝ።» ቀመሰ፤ ሳህኑን አጽድቶ መለሰ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔም እኮ ቃሩ ፈጅቶኛል። መሪ ይዤ ደረቴን ስጨብጥ ነው የምውለው» አላት። በሚቀጥለው ጉዞው ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። ለካ ከሾፌሮቹ ብዙዎቹ እየነደዱ ነበር የሚነዱት! ትንሹ ድስት በትልቅ ተተካ።

ልጇ ፍቅርተ ስትዳር ጥሩወርቅ ሁለቱንም ወጥ፣ ቀዩንም የራሷን አልጫም ሠራች። ዳሱ በእንግዳ ሞልቶ ገና ቀትር ሳይሆን ዘነበች ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «አልጫው አለቀ!» ብላ ጮኸች። ቀዩ ገና ግማሽ ነበር።

የባሏ አጎት አያ ሙላቴ ጉርሻ ጠቅልለው ዘረጉላት፤ ጣታቸው በቀይ ወጥ ርሷል። «ለልጅሽ ሠርግ እንኳ አትቀምሽም?»

«ይቅርታዎ አያ ሙላቴ፣ አልቀምስም» አለችና ሳቀች። «በጭፈራው ግን አልምራችሁም!»

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ገና አንገቷን ስትሰብቅ ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ውጭ አስፋልቱ ዳር የቆሙት ሾፌሮች ጡሩምባቸውን አከታትለው ነፉላት፤ እሷም ደረቷን ነፍታ እስክስታውን አወረደችው።