በመንገድ ዳር የተከመረው እበት

እበት ያስጠላኝ ነበር። ዛሬ የሚያስጠላኝ ሌላ ነገር ነው፤ ግን ከእበቱ ልጀምር።

ያደግሁት ሆሳዕና ከተማ ዳር፣ ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድርበት ሣር ቤት ነው። በአንዱ ወገን ላሞቹ፣ በሌላው ወገን እኛ። ጠዋት ጠዋት እናቴ እበቱን በእጇ እየዛቀች በቅርጫት ወደ ጓሮ ትወስድና ለእንሰቱ በየግንዱ ሥር ታካፍላለች። ሽንቱም በቦይ አድርጎ እዚያው ይወርዳል። ወንድ ልጅ እበት አይነካም፤ እንሰት ማብላት የሴት ሥራ ነው ይባላል። ይህ ደንብ እንዴት ይመቸኝ እንደነበር! አብረውኝ የሚማሩት የባለሱቅ ልጆች ሳሙና ሳሙና ይሸታሉ፤ እኔ በረት በረት የምሸት እየመሰለኝ ክፍል ከመግባቴ በፊት ሸሚዜን አነሳና አሸተዋለሁ። እፍ! እናቴ ያንኑ እጇን ታጥባ ቆጮ ስትቆርስልኝ ዓይኔን አዞራለሁ። ያሳደገኝን እጅ ተጸየፍኩ ማለት ነው።

በደርግ ጊዜ የጥቂት ወራት ሥልጠና ወሰድኩና የልማት ሠራተኛ ሆንኩ። የተመደብኩት ከፎንቆ ከተማ አለፍ ብሎ ባለ አንድ ገበሬ ማህበር ነው። ካኪ ኮት ለበስኩ፣ ደብተር ያዝኩ፣ እኔን የሚያህል የለም አልኩ። ሀዲይኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ግን በሀዲይኛ ሲያናግሩኝ በአማርኛ እመልስ ነበር። ገበሬው ግራ ገብቶት ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል። ኤዲያ! ሳስበው ያንገሸግሸኛል። ያን ጊዜ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከዚያ ጭቃ ወጥቼ ወደ ሆሳዕና ቢሮ መዛወር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ከላይ መመሪያ መጣ። የየቤቱ እበት ተሰብስቦ ገበሬው በጋራ ለሚያርሰው የአምራቾች ማህበር የበቆሎ ማሳ ፍግ እንዲዘጋጅ የሚል ነው። የት ይከመር፣ እንዴት ይያዝ የሚል ግን የለበትም። ያንን የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ በማንም አላላክክም።

እንዴት መያዝ እንዳለበት ደግሞ አሳምሬ አውቅ ነበር። ፍግ ጉድጓድ ይቆፈርለታል፣ ጥላ ይደረግለታል፣ በቅጠል ይሸፈናል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ይብላላል። ፀሐይ ካገኘው ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይተናል፤ ዝናብ ካገኘው ለሰብሉ የሚሆነው ምግብ ታጥቦ ይሄዳል። ሥልጠና ላይ ለፈተና ጽፌዋለሁ፣ ትክክል ተብሎልኛል። ግን የተሸፈነ ጉድጓድ ከመኪና ላይ አይታይማ! ጉብኝት ይመጣል ተብሎ ተወርቷል። ስለዚህ እበቱን ከዋናው መንገድ ዳር፣ ሜዳ ላይ፣ እንደ ጎጆ ከፍ አድርጌ አስከመርኩት። ዙሪያውን ድንጋይ አስደርድሬ ድንጋዩን ኖራ አስቀባሁ። «የተፈጥሮ ማዳበሪያ ሠርቶ ማሳያ» የሚል ሰሌዳም ተከልኩ። ለእበት አጥር ሠርቶ ቀለም የቀባ ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ሴቶቹ በየጠዋቱ ቅርጫታቸውን ተሸክመው እየመጡ ይደፋሉ፤ አንድ የአብዮት ጥበቃ ክምሩ አጠገብ ይቆማል። ለየቤቱ እንሰት የሚቀር ምንም የለም።

አንድ ቀን አንዲት ባልቴት ቢሮዬ ድረስ መጡ። ባላቸው ሞቶባቸው ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ ናቸው። መንደሩ ሁሉ «አማ» ነው የሚላቸው፤ በሀዲይኛ እናት ማለት ነው። አንድ ላም ነበረቻቸው፤ ነበረቻቸው ስል የራሳቸው አይደለችም። በእኛ አገር ከብት የሌለው ሰው ከብት ካለው ተቀብሎ ያኖራል፤ ወተቱና እበቱ የሚያኖረው ሰው ነው፣ ጥጃው የባለቤቱ። ላሟ እስከጠገበች ድረስ ማንም አይነካበትም። ከከሳች ግን ባለቤቱ መጥቶ ነድቷት ይሄዳል፤ ምነው የሚለውም የለም።

«ልጄ፣ እበቴን ተውልኝ» አሉኝ። «እንሰቴ እበት ካላገኘ ቅጠል አያወጣም። በጋ ላይ ሣሩ ሲደርቅ ላሟ የምትበላው የእንሰቴን ቅጠል ነው። እሱን ካጣች ትከሳለች፤ ከከሳች ይወስዷታል። እሷ ከሄደች እንሰቱን በምን አበላዋለሁ? ልጆቹንስ በምን?»

ሥልጠና ላይ ስንት ቀን በጥቁር ሰሌዳ ቀስት እየተሳለ የተማርኩት ነገር ነው። እሳቸው ቆመው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። እኔስ ምን አልኩ? «ላሟ የእርስዎ አይደለችም፤ እበቷ እንዴት የእርስዎ ይሆናል?» አልኩ፣ በአማርኛ። አልገባቸውም። በሀዲይኛ ደገምኩላቸው። ያን ጊዜ ሳቁ፤ የቀለድኩ መስሏቸው።

«አንተ ደግሞ፣ የማን ልጅ ነህ? እናትህ ጓሮ እንሰት የለም?» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወጡ።

ክረምቱ ገባ፤ ዝናቡ ያንን ክምር ይቀጠቅጠው ጀመር። ከሥሩ ቡና የመሰለ ውሃ እየወጣ፣ በኖራው ድንጋይ መሐል እየሾለከ፣ በመንገዱ ቦይ ይወርዳል። ፀሐይ ብልጭ ስትል ደግሞ ይጨሳል። ትሉ ይተረማመሳል፣ ዝንቡ ከዚያ ተነስቶ ከንፈርህ ላይ ያርፋል። በረት ውስጥ ያለ እበት እንዲህ አይሸትም። ይኼኛው ይከረፋ ነበር፤ ምሳዬን በር ዘግቼ እበላለሁ። አንድ ጠዋት አማ ቅርጫታቸውን ደፍተው ጎንበስ አሉና የሚፈሰውን ውሃ በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«ምግቡ እኮ ይኼ ነው» አሉኝ። «መንገዱን እያበላኸው ነው።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሰሌዳው ዘሞ ነበር፤ እሱን አቃናሁ።

በጋ ሲሆን የተባለው ጉብኝት መጣ። ሁለት ጂፕ ሙሉ እንግዶች፣ አንድም ሀዲይኛ የሚሰማ የለም። ከመኪናው ሳይወርዱ መሐረብ ወደ አፍንጫ ሄደ። የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር መፈክር አሰማ፤ እኔ ደብተሬን ገልጬ ስለ አፈር ለምነት ሽንጤን ገትሬ ተናገርኩ። ክምሩ በዚያን ጊዜ ከላዩ ቅርፊት ይዞ፣ ውስጡ ገለባ ብቻ ቀርቶ ነበር። ብትረግጠው እንደ አመድ ቡን ይላል። ማንም እንዳይረግጠው ፊት ለፊቱ ቆሜያለሁ።

ከሕዝቡ አንድ ሰው ይናገር ተባለ። ሊቀመንበሩ አማን መረጣቸው፤ ባልቴት ስትመሰክር ያምራል ብሎ። እኔም ቀድሜ አስጠንቼያቸው ነበር። «እናመሰግናለን ይበሉ፤ አማርኛውን እኔ እጨምርበታለሁ» ብያቸዋለሁ። አማ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ፊት ወጡ። እንግዶቹን በየተራ አዩና በሀዲይኛ፣ ረጋ ብለው እንዲህ አሉ፦

«ጌቶቼ፣ ከሩቅ መጥታችሁ ጠየቃችሁን፣ እግዜር ይስጣችሁ። ይኼ የተከመረው የእንሰታችን ምግብ ነው። የእኔ እንሰት ቀጥኗል። ላሚቱም ከስታለች፤ ባለቤቷ እወስዳለሁ ብሎ ልኮብኛል። ሌላ አልለምናችሁም። በቅርጫቴ ያመጣሁትን በቅርጫቴ ልመልሰው።»

እንግዶቹ ወደ እኔ ዞሩ።

አንድ ትንፋሽ ያህል ጊዜ ነበረኝ። ያቺን ትንፋሽ እስከ ዛሬ አስታውሳታለሁ። ከዚያ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ «ጓዶች፣ እናታችን የሚሉት፦ ‹በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ማዳበሪያ አይቼ አላውቅም፣ እንሰቴም ላሜም ጠግበው አደሩ፣ ለአብዮታችን ምስጋና ይግባው› ነው» አልኩ።

ጭብጨባው ቀለጠ። ከመሐላቸው አንዱ መሐረቡን ከአፍንጫው አንስቶ የአማን እጅ ጨበጠ። ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቁ ስንት ሰዎች እዚያ ነበሩ! አስተማሪው ነበር፣ ባለሱቁ ነበር፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ነበሩ። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው አጨበጨቡ። እነሱን እንኳ አልፈርድባቸውም፣ ጊዜው የሚያስፈራ ነበር። እኔን ግን ማንም አላስፈራራኝም። እንዲህ ተርጉም ያለኝ ሰው የለም። ከአፌ የወጣው እንደ ምራቅ በራሱ ነው። ቱ!

በማግስቱ ገና በጠዋቱ አማ ቅርጫታቸውን ይዘው ከክምሩ ዘንድ መጡ። ፊታቸው ፈክቷል። ጎንበስ ብለው መዛቅ ሲጀምሩ የአብዮት ጥበቃው ከለከላቸው። የመንደሩ ሰው ነው፣ እሱም ትናንት እዚያው ቆሞ ሰምቷል።

«አማ፣ አልተፈቀደም» አላቸው።

«እንዴት አልተፈቀደም? አጨበጨቡልኝ እኮ!» አሉ ተገርመው። «አንተም አጨብጭበሃል፣ አይቼሃለሁ።»

ሰውየው እኔን አየኝ። አማም ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እስቲ አንተ ንገረው፤ ትናንት አፌ ሆነህልኝ የለ» አሉኝ። እንዲህ ነው ያሉት፤ አፌ ሆነህልኛል።

ያን ሰዓት ብናገር ኖሮ ቢያንስ አንድ ቅርጫት ይወስዱ ነበር። ጥበቃውም ቃሌን ብቻ ነበር የሚጠብቀው፤ ከፊቱ ያስታውቃል። እኔ ግን «ፈቅደዋል አማ፤ ደብዳቤው ነው ያልደረሰው። ያለ ደብዳቤ አይሆንም» አልኳቸው። እሳቸውም ተቀበሉኝ። ቅርጫቱን አራግፈው፣ ያራገፉትንም ወደ ክምሩ በእግራቸው ሰብስበው መልሰው ሄዱ። ሌላውን ሁሉ ረስቼ ያቺን በእግር መሰብሰብ ግን መርሳት አቅቶኛል።

ከዚያ ወዲያ በየገበያው ቀን ቢሮዬ ብቅ ይሉ ጀመር። «ደብዳቤው መጣ?» «ገና ነው አማ።» «እሺ ልጄ፣ ወረቀት እግር የለው።» ይቀልዱብኝ ነበር፤ እኔም ሳቅ እል ነበር፣ ሳቅ! አንድ ሁለቴ በጓሯቸው በኩል አልፌያለሁ። እንሰቱ አንገቱ ቀጥኗል፣ ቅጠሉ ከዳር ዳር ቢጫ ሆኗል። ያችኑ ቢጫ ቅጠል እየሸለቀቁ ለላሟ ሲሰጡ አየሁ። ላሟ የጎን አጥንቷ ይቆጠራል። ክምሩ በመጨረሻ በማህበሩ ማሳ ላይ ሲበተን ነፋስ ወሰደው፤ በቆሎውም ከጉልበት አላለፈም። ሪፖርት ላይ «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብዬ ጻፍኩ።

አንድ የገበያ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ማህተም ያረፈበት ወረቀት ዘርግቼ አሥር ጊዜ እያነበብኩ ነበር። ወደ ሆሳዕና መዛወሬን የሚገልጽ ደብዳቤ ነው፤ «ላሳዩት የላቀ ትጋት» ይላል። ቀና ስል አማ በሩ ላይ ቆመዋል። ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ነው፣ ከማህተሙ ላይ። ማንበብ አይችሉም፣ ማህተም ግን ያውቃሉ።

«መጣ እንዴ?» አሉኝ።

«አይ አማ፣ ይኼ ሌላ ነው» አልኩና በእጄ ሸፈንኩት። እጄ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

ቅርጫታቸውን ከበሩ ጥግ አስቀመጡት። ባዶ ነው፣ ታጥቦ ደርቋል። ለመሄድ ከዞሩ በኋላ መለስ አሉ።

«እንግዲያው ደብዳቤው ሲመጣ ቅርጫቴን ላም ላላት ሴት ስጥልኝ» አሉኝ። «የእኔን ትናንት ነዷት።»