አባ ልብሳቸውን ራሳቸው ያጠቡበት ዓመት

ከቀያችን የወጣነው ገና ሳይነጋጋ፣ በአያ ካሴ በቅሎ ነው። አያ ካሴ ጎረቤታችን ናቸው፤ አባቴ የንስሐ አባታቸው፣ እሳቸው ደግሞ የአገሩ ቀልደኛ። እማ ለመንደሩ ሁሉ «ጠበል ነው የሚሄዱት» ብላ ነበር፤ እኔም ለጓደኞቼ እንደዚያው አልኩ። እንግዲህ የቀዬዬ ሰዎች፣ ይኸን የምታነቡ፣ ማንበብ የማትችሉም ልጆቻችሁ የሚያነቡላችሁ፣ አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ። ጠበል አልነበረም።

አባቴን እንደ ምእመኑ «አባ» ነው የምላቸው፤ ቄስ ናቸዋ። የዚያን ዕለት ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ አምስት ቀን ሙሉ አንዳች ነገር አልወጣ ብሏቸው፣ በቅሎዋ አንገት ላይ ተደፍተው ነበር። እማ እንዳትከተለን ጡት የምትጠባ እህቴ አለች፣ ጤፉም ታጭዶ አልተከመረም። የበኩር ልጅ እኔ ነኝ፤ አሥረኛ ክፍል። በአንድ እጄ በሶ የተቋጠረበት ከረጢት፣ በሌላው የአባን መቋሚያ ይዤ ከኋላ ከኋላ እሮጣለሁ።

«አባ፣» ይላሉ አያ ካሴ ልጓሙን እየሳቡ፣ «ይቺ በቅሎ ቄስ ተሸክማ አታውቅም። ከዛሬ ወዲያ ጠዋት ገብስ ስሰጣት ‹ቅዳሴ ሳይወጣ አልቀምስም› እንዳትለኝ።»

አባ እየቃተቱም ፈገግ አሉ። አረፍ ባልን ቁጥር እኔ ድንጋይ ላይ ዘፍ እላለሁ፣ አያ ካሴ ግን ቆመው ነው የሚያርፉት። «ይቀመጡ እንጂ» ስላቸው «መቀመጥ ለሹም ነው ልጄ፤ እኔ ቆሜ ነው የማምረው» አሉኝ። እኔም ሳቅሁ።

ቡሬ ስንደርስ ነጋ። በርበሬ የሚጫንበት በር ላይ እያነጠስን ሚኒባስ ጠበቅን። ረዳቱ «ፍኖተ ሰላም! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል፤ ውስጡ ግን ማንም የለም። አያ ካሴ የአባን መስቀል ተሳለሙና አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ተዉትና በቅሎዋን ያለ ጥፋቷ ተቆጧት።

ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል በደረስን ዕለት አባን ኦፕራሲዮን አደረጓቸው። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ትልቁ አንጀት ውስጥ እጢ በቅሎ መንገዱን ዘግቶታል፤ ስለዚህ ሆዳቸው ላይ፣ በግራ በኩል፣ ሌላ በር ከፈቱላቸው። ኮሎስቶሚ ይሉታል። ከዚያ ወዲህ የአባ ሰገራ የሚወጣው በዚያ በር፣ ሆዳቸው ላይ በተለጠፈ ከረጢት ነው። ይኸው ጻፍኩት። ሰገራ! ዓምና ይኸን ቃል በአፌ ከማወጣ ምላሴን ብነክስ እመርጥ ነበር። የሚያሳፍረኝ ነገር ግን ይኸ አይደለም። የሚያሳፍረኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው።

ባለፈው ዓመት አባ ልብሳቸውን ራሳቸው ማጠብ ጀመሩ። በእኛ አገር ልብስ የምታጥብ ሴት ልጅ ናት፤ ሴት ልጅ ከሌለች ሚስት ናት። ወንድ፣ ያውም ቄስ፣ ሳሙና ይዞ ወንዝ ሲወርድ ያየ ሰው የለም። አባ ግን ሰው በሌለበት ሰዓት ከመሻገሪያው በታች ወርደው ቁምጣቸውን ያሻሉ። ልጆቹ ደረሱባቸው። ጓደኛዬ ጥሩዬ ጀሪካኗን እየሞላች «አንቺ፣ ቄሱ ቤት ሴት አልቋል እንዴ?» አለችኝ። ሌላዋ ቀበል አድርጋ «እናቷ አኩርፋ ነው! ቄሱን በሳሙና ቀጥታቸዋለች» አለች። ሳቁብኝ። ቤት ገብቼ እማን ተጣላኋት። «አንቺ ነሽ ያዋረድሽን!» አልኳት። ለካ እማም ምክንያቱን አታውቅም።

በዚያው ሰሞን አባ መቀደስ ተዉ። ደም የሚፈሰው ሰው ቤተ መቅደስ አይገባም፤ ይኸን ከማንም ይበልጥ እሳቸው ያውቃሉ። ከዋርካው ሥር፣ ከአጥሩ ውጭ፣ ቆመው ያስቀድሱ ጀመር። ማንም አልከለከላቸው፤ ራሳቸውን ከለከሉ። ሕዝቡ ግን አንዱ «ከአለቃው ተጣልተው ነው» ይላል፣ ሌላው «ምን ሠርተው ይሆን?» ይላል። እኔም፣ ከአብራካቸው የወጣሁት፣ ምን ሠርተው ይሆን አልኩ።

አንድ ቀን ዝናብ ሲመጣ ቁጥቋጦ ላይ ያሰጡትን ቁምጣ ላነሳላቸው ሮጥኩ። ታጥቦ ያልለቀቀ ቡናማ ነገር አየሁበት። ደም መሆኑን ሴት ልጅ አትስትም። አጣጠፍኩና እዚያው ቁጥቋጦው ሥር አስቀምጬ፣ እንዳላየ ሆኜ ሄድኩ።

እየከሱ ሲሄዱ ጊዜ እማ በግድ ጤና ጣቢያ ላከችን። የተማርኩ እኔ ነኝና አፋቸው ሆኜ ገባሁ። የጤና መኮንኑ ወጣት ነው፤ ጠያቂነቱ ግን ደህና ነበር። የሚጠየቀውን ሁሉ ጠይቋል።

«አባ፣ ሰገራ ሲወጡ ደም ያያሉ?»

አባ ጣራውን አዩ።

«አንቺስ? ልብስ የምታጥቢው አንቺ አይደለሽ?»

በሩ ክፍት ነው። ወረፋ ከያዙት መካከል ጥሩዬና እናቷ አሉ። ጥሩዬ አንገቷን እንደ ዶሮ አስግጋለች።

«ኧረ የለም! በፍጹም!» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እኔ አይደለሁ የማጥበው?»

የጨጓራ መድኃኒት ጽፎ ሰጠን። ምን ያድርግ? ስንወጣ አባ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «ተባረኪ ልጄ» አሉኝ። ደስ አለኝ። እግዜር ይየው፣ እስከ ቤት ድረስ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። ከዚያ በኋላ ሆዳቸው ተወጥሮ በቅሎ እስኪጫን ስድስት ወር ሄደ።

ወደ ፍኖተ ሰላም ልመለስ። ከሆስፒታል ሲያስወጡን «አትራቁ፣ ክትትል አለ» አሉን። አንዲት ክፍል ተከራየን፣ ከዚያ ለመመዝገብ ቀበሌ ሄድኩ።

«ለምን መጣችሁ?» አለኝ ሰውየው ፎርሙን እያየ።

«ለሕክምና።»

«ተፈናቃይ?»

«አይደለንም።»

«ተማሪ?»

«ነበርኩ።»

«አባትሽ ሠራተኛ ናቸው?»

«ቄስ ናቸው።»

«ቄስ የሚል ሳጥን የለም። ታካሚ የሚልም የለም።»

«‹ሌላ› የሚል ግን አለ» አልኩት በጣቴ እያሳየሁ።

ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ። «እሺ፣ ሌላ ናችሁ» አለና ማኅተሙን መታው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚህ ከተማ እኛ ሌላ ነን።

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ቅርብ ለቅርብ ናቸው ትሉኝ ይሆናል። ለእኛ ግን ባሕር ማዶ ነው። ሙቀቱ ሌላ፣ አቧራው ሌላ። ማንጎ እንደ ልብ ነው፤ ግን ማንጎ ሽምብራ እሸት አይሆንም፣ አባ ደግሞ ያማራቸው ሽምብራ እሸት ነው። እኛ ዘንድ ከብቱ፣ እህሉ፣ ልጁ ሁሉ ተጠይቆ ሳያልቅ ጉዳይ አይነሳም፤ እዚህ «ሰላም ነው?» ይሉሽና መልሱን ሳትጨርሺ ባጃጁ ይዟቸው ይሄዳል። የቀጠነውን የከተማ ወተት የቀመሱ ቀን አባ ስኒውን አስቀምጠው «ይቺ ላም ተጠምቃለች» አሉ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የመጀመሪያ ቀልዳቸው ናት።

አከራያችን እትዬ የሻረግ ይባላሉ። ጠዋት ጠዋት መጥተው የአባን መስቀል ይሳለማሉ፣ ቀጥለው እኔን ወደ ጓሮ ይጠሩኛል።

«ልጄ፣ ቄስ ቤቴ መግባታቸው በረከት ነው። ግን አባ ውሃ ይዘው ሽንት ቤት ሲገቡ ሳላይ ሳምንት አለፈኝ።»

«ይጾማሉ» አልኩ።

«ጾም ሌላ፣ ሽንት ቤት ሌላ! እኔስ እጾም የለ?»

«የእሳቸው ጠንከር ያለ ነው።»

«ኧረ እንዲህ የጠነከረ ጾም ገዳምም የለ!»

እንደገና ዋሸሁ፤ ያውም በጾም ስም። ከረጢቱን የምደፋው ሲመሻሽ ነበር፣ በነጠላዬ በተሸፈነ ባልዲ። አንድ ምሽት እትዬ የሻረግ መንገዴ ላይ ቆመው ነጠላውን ገለጡት። አዩ። አፍንጫቸውን አልያዙም። በማግስቱ ክዳን ያለው ባልዲ በራችን ላይ አገኘሁ። «በረኪናውን ግን ቻሉት!» ሲሉ ከጓሮ ሰማኋቸው።

መጻፍ የጀመርኩት እዚህ ነው። ቁስሉን የምታጥበው ሲስተር ባዶ ደብተር ሰጠችኝና «ከረጢቱ በቀን ስንቴ እንደሞላ፣ ቀለሙን፣ የበሉትን ጻፊ። ማሳመር የለም፣ እውነቱን ብቻ» አለችኝ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሬ «ጠዋት፣ ቡናማ፣ ቀጭን፣ ደም የለውም» ይላል። ሲስተር አነበበችና «አንቺ ልጅ፣ መጻፍ ታውቂበታለሽ» አለችኝ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም! ስለ ሰገራ ጽፋ የተመሰገነች ጎጃሜ ከእኔ በፊት ያለች አይመስለኝም። ከዚያ እጄ ሊቆም አልቻለም። የላሟን ጥምቀት ጻፍኩ፣ የእትዬ የሻረግን ባልዲ ጻፍኩ። ስጽፍ ደስ ይለኛል፣ ደስ ሲለኝ ደግሞ አፍራለሁ፤ ምክንያቱም እውነት መናገር ለእኔ ያልከበደኝ አባ ከወደቁ በኋላ ነው።

የእጢው ምርመራ ውጤት ከባሕር ዳር መጣ። ካንሰር ነው፤ ጉበት ደርሷል። ኬሞ የሚባለውን መድኃኒት በየሦስት ሳምንቱ ባሕር ዳር ሄደው ይወስዳሉ፣ መንገድ ሲከፈት። ሐኪሙ አልሸሸገኝም፤ «ዕድሜ ለማስረዘም ነው እንጂ ለመንቀል አይደለም» አለኝ። ደግሞ «ስድስት ወር ቀደም ብላችሁ መጥታችሁ ቢሆን…» ብሎ ተወው። እሱ የተወውን እኔ በየቀኑ እጨርሰዋለሁ።

አንድ ከሰዓት ከረጢቱን ስቀይር፣ አባ እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሳሉ፣ ነገሩ ከአፌ ወጣ።

«አባ… ያን ቀን ጤና ጣቢያ… ቁምጣውን አይቼው ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ ለግድግዳው።

«እንዴት?»

«አጣጥፈሽ ነው ያስቀመጥሽው። እኔ ማጣጠፍ አልችልበትም።»

እጄ ከሆዳቸው ላይ ቀረ። «ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ አፍ ያለሽ? ሃያ ዓመት የሰው ኃጢአት ሰምቻለሁ። የሰረቀውም፣ የገደለውም ነግሮኛል። ከመቀመጫዬ ደም ይወጣል ያለኝ ግን አንድ ሰው የለም። እኔም ለማን እንደሚነገር አላወቅሁም።» ደግሞ «ተባረኪ ያልኩሽ ትዝ ይልሻል?» አሉ።

«አዎ።»

«እሷን ምርቃት መልሺልኝ። ያለ ቦታዋ ነው የሰጠኋት።»

ምርቃት እንዴት እንደሚመለስ አላውቅም። እስካሁን እኔው ጋ ናት።

«ለሰውም የሕመሙን ስም ጠርተሽ ንገሪ» አሉኝ። «በጠበል አይዋሽም።»

እሺ ብልም ሁለት እሁድ አሳለፍኩ። በደወልኩ ቁጥር ስለ ጤፉ ጠይቄ እዘጋለሁ። እኛ ቀዬ ኔትወርክ ያለው ከጉብታው ላይ ብቻ ነው፤ እማ ስትወጣ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሁሉ ተከትሏት ይወጣል፣ ስልኩም ለሁሉም እንዲሰማ ላውድ ላይ ይደረጋል። በሦስተኛው እሁድ ደወልኩ።

«አባ እንዴት ናቸው? ጠበሉ ተስማማቸው?» የጥሩዬ እናት ናቸው።

አባን አየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እንደ መጸለይ።

«ጠበል አይደለም፣ ሆስፒታል ነን» አልኩ። «ካንሰር ነው፣ የትልቁ አንጀት። ዓመት ሙሉ በሰገራቸው ደም ሲወጣቸው ነበር። ልብሳቸውን ያጠቡት ለዚያ ነው። ከዋርካው ሥር የቆሙትም ለዚያ ነው። እኔ አይቻለሁ፤ አይቼ የለም ብያለሁ።»

ነፋስ ተሰማኝ። የእህቴ ማላዘን ተሰማኝ። የጥሩዬን ሳቅ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። እማ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ስትጎስር አውቃታለሁ፣ ያ ድምፅ ተሰማኝ። በዚያች ሰዓት ጉብታው ላይ ሆኜ እግሯ ሥር ለመቀመጥ ዓይኔን እንኳ በሰጠሁ ነበር።

ከዚያ የአያ ካሴ ድምፅ መጣ። «አንቺ ልጅ፣ ይኸ ስልክ ለሁሉም እንዳይሰማ የሚያደርገው የቱ ነው?»

«የድምፅ ማጉያ ሥዕል ያለበትን አንዴ ይንኩት።»

ነፋሱ ጠፋ። የእግር ኮቴ ሰማሁ፤ ድንጋይ ሲንሸራተት ሰማሁ።

«አሁን ብቻዬን ነኝ?»

«ብቻዎን ነዎት፣ አያ ካሴ።»

ቀልድ ጠበቅሁ። ትንፋሻቸው ብቻ ነው የመጣው። ያን ጊዜ የመንገዱ ትዝ አለኝ፤ እኛ ስንቀመጥ እሳቸው እንደ ቆሙ ነበር።

«ለአባ ስጪኝ» አሉ።

ሰጠሁ። አባ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ በሌላው እጃቸው መስቀላቸውን ከትራስ ሥር አወጡ። ንስሐ አይደመጥም፤ ደብተሬን ይዤ ወጣሁና በሩን ገርበብ አደረግሁ። ግን የቆርቆሮ በር ነው።

«ከመቼ ጀምሮ?» ሲሉ ሰማኋቸው።

«የደሙ ቀለምስ?»

አያ ካሴ እስኪጨርሱ አዳመጡ።

«የለም ልጄ፣ ጠበሉ በኋላ ይደርሳል። አንተ ነገ ና። በቅሎዋ መንገዱን ታውቀዋለች።»