በቆሎ ሲያብብ የሚነሣ ትኩሳት

የልጅ ልጄ ሳራ እዚሁ ሶዶ ሕክምና ትማራለች። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ስታጠና ጮክ ብላ ታነብልኛለች፤ ጨዋታችን ይኸው ነው። ባለፈው ሳምንት ያነበበችልኝ ስለ ጥንት ግሪክ ሐኪሞች ነበር። ወደማያውቁት ከተማ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያጣሩት ወቅቱን፣ ነፋሱንና ሕዝቡ የሚጠጣውን ውኃ ነው አሉ። ወቅት ሲለወጥ የሰውም ገላ ይናወጣል፤ በመከር ወራት የሚነሣ ትኩሳት ደግሞ ከሁሉ ይብሳል ብለው ያምኑ ነበር።

«እንግዲያው ቤሌን አይተዋታል!» ብዬ ሳቅሁ። ሳቄ ግን አልዘለቀም።

ነርስ ሆኜ መጀመሪያ የተመደብኩት ቆላ፣ ቤሌ ከተማ ነው። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ከሸዋ መጥቶ ሶዶ የቀረ ሰው ነው፤ እኔም ዳሞታ ተራራ ሥር ጉም ለብሼ ያደግሁ የደጋ ልጅ። አቤት የቤሌ ሙቀት! አውቶቡሱ ከነአቧራዬ አራግፎኝ ሲሄድ አልቅሻለሁ። ቤት ያከራዩኝ የጳውሎስ እናት የሚባሉ ጠና ያሉ ሴት ነበሩ። እሸት በቆሎ ጠብሰው በሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ ያበሉኛል። ዛሬ የምገዛው በቆሎ ያን አይደርስበትም፤ ወይ ያረጀው ጥርሴ ይሆናል። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም፤ «ነርስ፣ ና ብላ» ሲሉኝ እስቃለሁ። ነጭ ጋዋን ስለለበስኩ ሁሉን ያወቅሁ መስሎኝ ነበር።

መስከረም ሲያልቅ ታናሽ ወንድሜ ታምሩ ሊጠይቀኝ ወረደ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ኮሌጅ መግቢያውን የሚጠብቅ፣ የእናቴ ዓይን ነው። የጳውሎስ እናት ገና ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ።

«ነርስ፣ ወንድምህን ነገ መልሰው።»

«ምነው እማማ፣ እንግዳ ጠሉ እንዴ?»

«ዝናቡ ቆሟል፤ ውኃው ተኝቷል። ዘግይቶ የተዘራው በቆሎ አበባ አውጥቷል። አሁን የደጋ ሰው እዚህ አያድርም።»

«እማማ ደግሞ! ወባ በትንኝ እንጂ በበቆሎ አይመጣም» ብዬ ረዘም ያለ ትምህርት ሰጠኋቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ጓዳ ገቡ። ታምሩም ሳምንት ሙሉ በቆሎ እየጋጠ፣ ሲመሽ ደጅ ቁጭ ብሎ ሲያወራ ሰንብቶ ደህና ተመለሰ። «ይኸው፣ ምን ሆነ?» አልኳቸው።

ከዚያ አንድ ጠዋት ክሊኒኩ ድረስ መጡ።

«ወንድምህ ከሄደ ሁለት ገበያ፣ ሁለት ሳምንት ሞላ። ትኩሳቱ አሁን ነው የሚነሣው። ደጋ ላይ ማንም አያውቅለትም። ሂድ!»

ልስቅ ብዬ አቃተኝ። ፈራሁ። በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሶዶ ስገባ እናቴ ታምሩን በሁለት ጋቢ ጠቅልላ ዝንጅብል ታጠጣዋለች። ብርድ መስሏቸው ሦስት ቀን! ይቃዣል፤ እኔንም አላወቀኝም። ጎረቤት ተጠርቶ በቃሬዛ ኦቶና ሆስፒታል አደረስነው፤ ደሙ ሲታይ ወባ ነው። «አንድ ቀን ብትዘገዩ ኖሮ…» አለ ሐኪሙ፤ አልጨረሰውም።

ተመስገን፣ ተረፈ፤ ዛሬ እሱም አያት ነው። ግሪኮቹ ነፋሱና ውኃው ነው አሉ፣ የጳውሎስ እናት በቆሎ ነው አሉ፤ ሁለቱም ጊዜውን አልሳቱም። ኋላማ የበቆሎ አበባ ዱቄት ውኃ ላይ ሲራገፍ የወባ ትንኝ እጭ እየበላው እንደሚፋፋ ስሰማ አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ ወዲህ ትኩሳት ያለበት ሁሉ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ባለፉት ሁለት ገበያዎች የት ነበርክ?» ነው። ስንቱን አተረፍኩበት! በጡረታ ሽኝቴ ላይ አለቃዬ ይህንኑ «የሲስተር ጥበብ» ብሎ አመሰገነኝ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም ጎንበስ ብዬ ምስጋናውን ተቀበልኩ። የማን ጥበብ እንደሆነ ትንፍሽ አላልኩም። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ይህን ሁሉ ለሳራ ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አነሣች።

«ከግሪኮቹ ሥር እጽፋቸዋለሁ፣ እማዬ። ስማቸው ማነው?»

«የጳውሎስ እናት።»

«እሱማ የልጃቸው ነው። የራሳቸውስ?»

ሁለት ዓመት ቤታቸው ኖሬ፣ ከእጃቸው በልቼ፣ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳቸውም።