የጓሮው በርና የእትዬ ዘሀራ ፍየል

ልጅ ሳለሁ አንድም ተረት ያለ ጭቅጭቅ ሰምቼ አላውቅም። የሌላው ሰው ልጅ ፍሙን ከብቦ፣ አገጩን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ተረቱ እስኪያልቅ ያዳምጣል፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ ጀማል ግን ነገሩ ጥሩ ቦታ ላይ ሲደርስ ተነስተን የጥጥ ጆንያ እንገፋ ነበር። ይህን ያመጡብን የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ዘሀራ ናቸው።

ቤታችን ከመሳለሚያ ወደ ገበያው ሲገቡ፣ ፍራሽ ሰሪዎች በተደረደሩበት መንገድ ላይ ነበር። አባቴ ጥጥ ይሸጣል፣ ፍራሽም ይሰፋል። ከፊት ሱቁ አለ፤ ከሱቁ ኋላ ሁላችንም የምንኖርባት አንዲት ክፍል አለች፤ ግድግዳዋ ጋዜጣ የተለጠፈበት ጭቃ፣ ኮርኒሷ የተወጠረ አቡጀዲ። ያኔ መብራት እኛ ቤት ገና ስላልገባ ሲመሽ ኩራዝ እናበራለን። ወደ መንገድ የምንወጣው በሱቁ ነው። ወደ ጎረቤቶች ግቢ የምታወጣ አንዲት ጠባብ የጓሮ በርም ነበረችን፤ ነበረችን ማለት፣ ከጥጡ ኋላ ነበረች። ሱቁ ሲሞላ አባቴ የተረፈውን ጆንያ ሁሉ እያመጣ እዚያች በር ላይ ይቆልላል። ባዶ ቦታ ሲያይ የሚያመው ነጋዴ እሱ ብቻ አልነበረም፤ የሰፈሩ የጓሮ በር በሙሉ የዕቃ መደገፊያ ነበር።

እትዬ ዘሀራ ባላቸው ሲሞቱ ከወሎ መጥተው ከእኛ ጋር መኖር የጀመሩ፣ ድምፃቸው ወፈር ያለ፣ ትዕግሥት የሚባል ነገር ያልፈጠረባቸው ሴት ነበሩ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ከሰሉ ፍም ሲሆን፣ አጠገባቸው ያስቀምጡንና ይጀምራሉ። ብዙ ተረት ያውቃሉ፤ ሁሉም ግን ዞሮ ዞሮ አንዲት ፍየል ዘንድ ይደርሳል። ፍየሏ በረት ውስጥ ናት። ጅቡ በሩ ላይ ደርሷል፤ ትንፋሹ በስንጥቁ ይገባል። ጀማል እጄን ጭምቅ አድርጎ ይይዘኛል። ልክ እዚህ ላይ እትዬ ዘሀራ ዝም ይሉና ወደ ጓሮው በር ያያሉ።

«ከዚያስ?» እንላለን።

«ከዚያማ በየት ትውጣ? በሩ በጥጥ ተዘግቶ።»

«እሱ እኮ የእኛ በር ነው፣ የፍየሏ አይደለም» አልኳቸው አንድ ቀን፣ እንባዬ እስኪመጣ ተናድጄ።

«የማንም ይሁን። እሱ ካልተከፈተ ፍየሏ አትወጣም።»

ምን ይደረጋል፣ እንነሳለን። ጆንያውን እየጎተትን ከከሰሉ ራቅ ወዳለው መኝታችን ጥግ እንወስዳለን፤ መቀርቀሪያው ይሳባል፣ የግቢው ብርድ ይገባል፣ ፍየሏም ያን ጊዜ በጓሮ ሾልካ ታመልጣለች። ጠዋት አባቴ እያጉረመረመ ጆንያውን ወደ በሩ ይመልሰዋል። ማታ እንደገና እኛ። አባቴና እህቱ መጣላት ሲያምራቸው ጉልበቱን የምናወጣው እኛ መሆናችን ያንገበግበኝ ነበር።

የእትዬ ዘሀራ ነገር በበሩ ብቻ አያበቃም። ኩራዝ የሚሞላው በቀን፣ ጠፍቶ ነው። የከሰሉ ማንደጃ ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይወጣል። በሩ ሥር አሸዋ የሞላ ጣሳ አለ፤ ጀማል ሊጫወትበት ሲነካው እጁን በጥፊ ይሉታል። ሁልጊዜም ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። አባቴ፣ «እትዬ፣ ቤቴን የወታደር ካምፕ አደረጉት እኮ» ይላቸዋል። አንድ ቀን እናቴ ለብቻው ጠርታ፣ «ልጅ ሆነው በተቃጠለ ሳር ቤት ውስጥ እህታችሁ ቀርታባቸዋለች፤ ታውቅ የለ?» ስትለው ሰማሁ። አባቴም፣ «አውቃለሁ። ታዲያ ጥጡን የት ላግባው?» አላት። በእውነት መልስ የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

በአረፋ ሰሞን ፍራሽ በጣም ይፈለጋል፤ ቤታችን በጥጥ ተሞልቶ መተላለፊያ ጠፋ። በዚያ ሰሞን አንድ ምሽት እኛ ጆንያውን ገፍተን በሩን ከፍተን ገና መቀመጣችን ነበር፤ አባቴ ከሱቁ ብቅ ብሎ፣ «ዛሬስ መልሱት፤ ነገ አነሳዋለሁ» አለን። እትዬ ዘሀራ፣ «ነገ የምትለው ቀን መጥቶ አያውቅም» አሉት። ተናዶ ወደ ሱቁ ተመለሰ። እዚያ የሰቀለው ኩራዝ ላምባው ሊያልቅ ቀጭጮ ነበር። አባቴ ሳያጠፋው አውርዶ ላምባ ይጨምርበት ጀመር፤ ካጠፋው ለማብራት አንድ የክብሪት እንጨት ይባክናላ። ለአንድ የክብሪት እንጨት። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እሳቱ ወደ እጁ ሲዘል ኩራዙን ጥጡ ላይ ጣለው። «ውጡ!» እያለ ወደ እኛ ሲሮጥ ከኋላው ሱቁ በሙሉ ብርሃን ሆኖ ነበር። ወደ መንገድ የሚያወጣን በር እዚያ እሳት ውስጥ ቀረ። እኔና ጀማል ግን ማንንም አልጠየቅንም፤ እግራችን የለመደው የጓሮውን በር ነበር። ግቢው ውስጥ ስንደርስ እናቴ ሳጥኗን ለማውጣት ተመለሰች። እትዬ ዘሀራ ሻርፗን ከኋላ ይዘው፣ «ለሳጥን የሚገባ ካለ እኔን ረግጦ ይግባ» አሏት። ጎረቤቱ አሸዋና አፈር እያመጣ ከእሳቱ ጋር ሲታገል ሱቃችን አለቀ፤ ክፍላችንም ኮርኒሷ ተቃጥሎ ወረደ። የአባቴ እጅ ተቃጠለ። ከዚያ በቀር ማንም አልተነካም።

አባቴ የተጠቀለለ እጁን ይዞ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ወደዚያች ክፍት በር እያየ፣ «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። እትዬ ዘሀራ ግን ቁጣቸው ስላልበረደ ፊታቸውን አዞሩበት። ጀማል በብርድ እየተንቀጠቀጠ፣ «ፍየሏስ?» አላቸው።

«ወጣች እኮ» አሉት፤ ሊቆጡ ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። «ከእናንተ ጋር አይደል የወጣችው?»

ከልጅነቴ ከእኔ ጋር የቀረው ይህ ነው። የሰው ቤት እንግዳ ሆኜ ስሄድ መጀመሪያ የማየው ሌላ መውጫ እንዳለ ነው፤ ባለቤቶቹ ቤታቸውን የማደንቅ ይመስላቸዋል። እኔ እንኳ ሴት ነኝ፣ ገበያውንም ትቻለሁ። ጀማል ግን የአባታችንን ቦታ ወርሶ ዛሬም እዚያው ይነግዳል፤ ባለፈው ሄጄ ባየው የቤቱ የጓሮ በር ከላይ እስከ ታች በካርቶን ተገጥግጧል። በዚያች በር የወጣ ሰው። «ዛሬን ነው፤ ነገ ይነሳል» አለኝ፣ በአባታችን ድምፅ።

ክርክር አልጀመርኩም። ልጆቹን ሰብስቤ ስለ ፍየሏ አወራኋቸው፤ ጅቡ በሩ ላይ ሲደርስ ተነስቼ ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። ሲመሽ ጀማል ደወለ።

«ልጆቹ አልተኛ አሉኝ። ፍየሏ ምን ሆነች?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ» አልኩት።

ካርቶን ሲጎተት እስኪሰማኝ ድረስ ስልኩን ሳልዘጋ ጠበቅሁት።