ሁለት ሆነው ሲያንኳኩ

ከመቀሌ የወጣሁበት ምሽት አባቴ ልቅሶ ቤት ነበር። ሟቹ ዘመዳችን አይደለም፤ ከኛ ሰፈር ከሓድነት ወዲያ የሚኖር ሰው ነው። አባቴ ሦስቱን ቀን ተቀምጦለታል፤ አራተኛውን የሚያስገድደው አልነበረም። ሻንጣዬን በር ላይ ሲያይ ግን ነጠላውን አጣፋና ለእናቴ «ልቅሶ ቤት ነኝ» ብሏት ወጣ። እናቴ ጉልበቱን ሳልስም እንዳልሄድ ብላ ሁለቴ ሰው ላከችበት። አልመጣም። ስለዚህ ከአሉላ አባ ነጋ በመጨረሻው አውሮፕላን ስነሣ የእሷን ምርቃት ይዤ የሱን ሳልይዝ ነው። እኔ የፈለግሁት ደግሞ የሱን ነበር።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። አባቴ ጡረታ የወጣ የአማርኛ መምህር ነው፤ እናቴ የወሎ ልጅ ናት። በዕድራችን መርዶ የሚያረዳው አባቴ ነበር። ለዚህም ሥርዓት ነበረው። ለብቻ አይኬድም፣ ሁለት ሆኖ ነው። ሰውየው ወደ ሥራ ሳይወጣ በማለዳ ይደረሳል። በሩ በዝግታ ይንኳኳል። ከሁሉ በላይ፣ ሰውየው አንድ ነገር ሳይቀምስ አይነገረውም። «መርዶ በባዶ ሆድ ሰው ይጥላል» ይል ነበር፤ ሲሄድ ሁልጊዜ ዳቦ በኪሱ ይይዛል።

እኔ ያስቀየምኩት በሃይማኖት ነው። አዲስ አበባ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ሁለት ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ፈረንጆች እንግሊዝኛ በነጻ እናስተምርህ አሉኝ። እንግሊዝኛ ልማር ገብቼ ሞርሞን ሆኜ ወጣሁ። ዘመዶቼ በዚህ ሲቀልዱ ኖረዋል፤ ይቀልዱ። እውነቱን ለመናገር ግን ተጠምቄ ከውኃው ስወጣ አልቅሻለሁ፤ ያን ቀን እግዚአብሔር ስሜን የጠራው መስሎኝ ነበር። ማተቤን ፈትቼ ቤት ስገባ አባቴ አንገቴን አየ። ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም። ለሁለት ዓመት የወንጌል አገልግሎት ወደ ኡጋንዳ መመደቤን የሰማው ከእናቴ ነው።

ኢንቴቤ ላይ ፓስፖርቴን የተቀበለው መኮንን ሥራዬን ጠየቀኝ። ሚሽነሪ ነኝ አልኩት። ደረቴ ላይ ያለችውን ጥቁር የስም ሰሌዳ አነበበና «ኤልደር» ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። ሽማግሌ ማለት ነው አልኩት። ዕድሜዬን ሲጠይቀኝ ሃያ ሁለት አልኩት። ፓስፖርቱን እንደገና አየ።

«እናንተ ከኛ በፊት ክርስቲያን አልነበራችሁም እንዴ?» አለኝ።

«ነበርን።»

«ታዲያ አንተ ምን ይዘህ መጣህ? የቀረ ዕቃ ነበር?»

ማኅተሙን መታልኝ። እኔም መልሱን ለአሥር ወር ስፈልግ ከረምኩ።

ካምፓላ ዝናቡ እንደ መቀሌ ክረምት ቀጠሮ የለውም፤ ሲያሻው ይወርዳል። መሬቱ ቀይ ነው። አምስት ነጭ ሸሚዞቼ በወር ውስጥ የሻይ ቀለም ያዙ፤ ሻይ መጠጣት በተከለከለበት ሃይማኖት። ማቶኬ የሚሉትን ድንች መስሎኝ ጎረስኩት፤ የተቀቀለ ሙዝ ሆኖ አገኘሁት። ነሐሴ ሲገባ መንገድ ዳር የሚላጥልን በለስ ትዝ ብሎኝ ምራቄን ዋጥኩ። ጓደኛዬ ኤልደር ሃንሰን የሚባል፣ ከአይዳሆ የመጣ የድንች ገበሬ ልጅ ነው። ሕጋችን አንዳችን ከሌላችን ዓይን እንዳንርቅ ስለሚያዝ ከመጸዳጃ ቤት በቀር ብቻዬን የሆንኩበት ቦታ የለም። እንደዚያም ሆኖ እንደዚያ ጊዜ ብቸኛ ሆኜ አላውቅም።

ቀን ሙሉ በር እናንኳኳለን። የካምፓላ ሰው እንደኛ ሰው ነው፤ እምቢ ማለት ነውር ስለሚሆንበት «ማክሰኞ ኑ» ይላል። ማክሰኞ በሩ ይቆለፋል።

አንድ ቀን ለተብርሃን የምትባል ሐበሻ ሱቅ እንዳላት፣ ሳትወጣ ካልተደረሰባት እንደማትገኝ ነገሩን። አስፈቅደን በማለዳ ሄድን። የመርዶ ነጋሪ ልጅ ሆኜ እንዴት እንዳልታየኝ እስካሁን ይገርመኛል። ሁለት ሆነን፣ ጥቁር ክራቫት አስረን፣ አንዳችን ሐበሻ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ በሯን በዝግታ አንኳኳን። ሴትዮዋ ከፈተች፣ አየችን፣ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«መን ሞይቱኒ?» አለች። ማን ሞተብኝ ማለቷ ነው።

ማንም አልሞተም እያልኩ ብለምናት አልሰማችኝም፤ መሬት ላይ ተዘርግታ ወንድሞቿን በየስማቸው ጠራች። ጎረቤት ተሰበሰበ። ሃንሰን ግን ዓይኑ እንባ አቀረረና መንፈስ ነክቷታል አለኝ፤ ማታም በማስታወሻው ጻፈው። በማግስቱ ሃንሰንን አስከትዬ ይቅርታ ልጠይቅ ስመለስ አደይ ለተብርሃን፣ እናቴን ስለምታክል አደይ ነው የምላት፣ ሳቀችብኝ። ከመቀሌ አጠገብ፣ የኵሓ ሰው ናት። ሃይማኖትህን እዚያው በር ላይ አራግፈህ ግባ አለችኝ። ቡና አልጠጣም ስላት ታምሜ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

በዚያን ጊዜ ወደ ቤት መደወል የሚፈቀድልን በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ነበር፣ በፈረንጆች ገናና በእናቶች ቀን። ለአደይ ለተብርሃን የእናቴን ቁጥር ሰጠኋት፤ እኔ አልደወልኩም፣ እሷ ደወለች። ሕጉን እንዲህ አድርጌ በጓሮ በር ዞርኩት።

የፈረንጅ ገና ሲደርስ ደወልኩ። ለነሱ በዓል፣ ለእናቴ የነቢያት ጾም ነው። አባቴን ስጠይቅ ወጣ ብሏል አለችኝ። ደስ ላሰኛት ብዬ እኛም እኮ እንጾማለን አልኳት፤ በየወሩ የመጀመሪያውን እሑድ፣ ውኃም ሳንቀምስ።

«በሰንበት?» አለችኝ።

ሃይማኖቴን ስለውጥ ያልደነገጠች ሴት በዚህ ደነገጠች። በኛ ቤት በሰንበት እህል የሚከለከለው ሬሳ ብቻ ነው።

በእናቶች ቀን እንደገና ደወልኩ። አባቴ ጸበል ሄዷል አለችኝ። እንዴት ነው ስላት ደኅና ነው ብላ ወሬ ቀየረች። ተስፋ አደረግሁ። ጸበል የሄደ ሰው ልቡ ይራራል፣ ሲመለስ ያናግረኛል ብዬ የምለውን ሁሉ አዘጋጀሁ።

በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ እሑድ፣ ገና ሳይነጋ፣ በራችን በዝግታ ተንኳኳ። ሃንሰን ከአልጋው ዘለለ። አሥር ወር ሙሉ እኛ ስናንኳኳ ኖረን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የኛን በር አንኳኳ ብሎ እየሳቀ ሊከፍት ሮጠ። እኔ አልተነሣሁም። የሁለት ሰው ኮቴ ሰማሁ።

አደይ ለተብርሃን ነበረች፣ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽበታም ሰው አስከትላ። በእጇ በፎጣ የተሸፈነ ሳሕን ይዛለች። ደኅና አደራችሁ፣ እንዴት ናችሁ ተባባልን። ፎጣውን ገለጠችው፤ የሽሮ ፍትፍት ነው።

«ብላ ወደይ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው።

«ዛሬ ጾም ነኝ።»

«ብላና እንጫወታለን።»

ሽበታሙ ሰው መሬት መሬት ያያሉ። ሃንሰን አንዴ እኔን አንዴ እሷን እያየ ጾማችንን በትሕትና ሊያስረዳት ጀመረ። እሷ ሳሕኑን ወደኔ አስጠጋችው። ካልበላሁ እንደማትነግረኝ ገባኝ። ሥርዓቱን አውቀዋለሁ፤ ያሳደገኝ ሰው ሥርዓት ነው። ታጠብኩና በላሁ። ሦስት ጉርሻ፣ አራት። ከዚያ ነገረችኝ። አባቴ የሞተው በዐቢይ ጾም መካከል ነው፤ ተዝካሩ ወጥቷል። ጸበል የተባለው ውሸት ነው። እንዳይነገረው፣ ባዕድ አገር ማን ይይዘዋል ብላ አደይ ለተብርሃንን ያስማለቻት እናቴ ናት፤ እሷ ግን ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻለችም።

እንዴት እንደጮኽኩ አላስታውስም። ሃንሰን አብሮኝ መሬት ላይ እንደተቀመጠ አስታውሳለሁ፤ ያን ቀን የጠቀሰልኝ ጥቅስ የለም፣ ስለዚህ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ማንንም ሳላስፈቅድ በአደይ ለተብርሃን ስልክ ደወልኩ። እናቴ ድምፄን ስትሰማ መነገሬን አወቀች። አልቅሰን ስናበቃ አሥር ወር ሙሉ የያዝኩትን ጠየቅኋት፤ ስለኔ ያለው ነገር አለ ወይ አልኳት።

«በገናው ስትደውል አጠገቤ ነበር» አለችኝ። «የስልኩን ድምፅ እንዲሰማህ ብዬ ከፍ አድርጌው ነበር። ወጣ ብሏል በይው ያለኝ ራሱ ነው። ስትዘጋ ጊዜ ‹ይብላ በይው፣ በሰንበት አይጹም› አለኝ። ‹አንተ ነህ ያልከው ልበለው?› ብለው፣ አይሆንም አለ። በኋላ ሳልነግርህ ቀረሁ።»

ይህ ምርቃት ነው ወይስ ቁጣ? አባቴን ከኔ የበለጠ የምታውቀው እሷ ናትና ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። ቀደመችኝ።

«በልተሃል?» አለችኝ።

ሳሕኑን አየሁት።

«በልቻለሁ» አልኳት።