ለሎሚ የካብነው ካብ

የሎሚውን ቅጠል በሁለት ጣቴ ጨፈለቅሁት። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው የባለቤቴ የክርኗ ጭቃ ታየኝ። ፊቷ አይደለም፤ ክርኗ ላይ የደረቀው ጭቃ። ይኸውልህ፣ ሰው ሲያረጅ ትዝታም እንዳሻው ነው የሚመጣ፣ አታማርጥበትም።

ስለ ጓሮ የተጻፈ አንብቤያለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ ያነበብኩትን ሁሉ አላምንም። ከባለቤት ጋር ጓሮ መሥራት ደስታ ነው ይላሉ። የጻፉት ሰዎች ድንጋይ ተሸክመው የሚያውቁ አይመስለኝም። ደስታ መሆኑስ እውነት ነው። ያኔ ግን ደስታ ነው ብሎ የነገረን የለም፤ እኛ የምናውቀው ወገባችንን እንደሚያመን ነበር።

ባለቤቴ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ሳገባት እኔ ደሴ መናኸሪያ ዕቃ ጫኝ ነበርኩ። ሙሽራ ሆና ስትመጣ፣ በዘይት ቆርቆሮ የተተከለ የሎሚ ችግኝ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነው ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት የወጣችው። እናቴ ቆርቆሮውን አየችና፣ «የሰው ሙሽራ ሳጥን ይዛ ትመጣለች፣ የኔ ልጅ ሚስት ጭራሮ ይዛ መጣች» አለች። እሷም አንገቷን እንደደፋች፣ «አብሽሩ እማማ፣ ያድጋል» አለቻት።

ደሴ እንደ ኮምቦልቻ አይደለም፣ ብርድ ነው፤ ሎሚ ሙቀት ይወዳል። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። እሷ ግን፣ «እሱ ደሴን ከለመደ እኔም እለምዳለሁ። እሱ ካልቻለማ...» አለችኝና ተወችው። መጨረስም አላስፈለጋት። በየማለዳው ስትንቀጠቀጥ አያታለሁ፤ የአባቷን ቤት ስታነሣ «ቤታችን» እያለች ነው። ስለዚህ ለእኔ ነገሩ የእንጨት ነገር አልነበረም። ሎሚው ከደረቀ ሚስቴ የመጣችበትን ዳገት ቁልቁል ትወርዳለች።

በልጉ ሲገባ ጓሮውን ያዝነው። ጓሮ ስልህ ገደል ማለቴ ነው፤ ደሴ ላይ ሜዳ ግቢ ያለው ሀብታም ብቻ ነው። ካብ እንካብ ያለችው እሷ ናት። አባቷ ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ። «ምድጃ ሥር ነው ያደግሁት፣ ድንጋይ የጠጣውን ሙቀት ቶሎ አይረሳም» አለች። እኔ አርብ አርብ ከጁምዓ መልስ ድንጋይ ከወንዝ በጀርባዬ አመላልሳለሁ፣ እሷ ጭቃ አቡክታ ትጠብቀኛለች።

«ፊቱን ወደ ውጭ አድርገው እንጂ።»

«ድንጋይ ፊት አለው እንዴ?»

«አለው። ያንተን ይመስላል፣ አይስቅም።»

ጎረቤታችን ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ፣ ሐጂ እንላቸዋለን። አጥሩን ተደግፈው፣ «በረቱ ለላም ነው ለበግ?» አሉ።

«ለሎሚ ነው ሐጂ።»

«ያረቢ! ሎሚ ግንብ ቤት ሊገባ፣ እኔ ጭቃ ቤት ልሞት! ይኸ እንጨት ካፈራ ወላሂ ጢሜን እላጫለሁ!»

ካቡ ሲያልቅ ፀሐይ እንዲመልስ ኖራ ቀባነው። ከጣራው ላይ አሸንዳ አውርደን በርሜል ደቀንን። ሎሚውን ከካቡ ሥር ተከልን፣ ከጎኑ ጎመንና ካሮት ዘራን፣ ጥጉ ላይ ጤና አዳም። የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን ቆርቆሮ ሲደበድበው የእርጥብ አፈርና የኖራ ሽታ አብሮ ተነሣ። ወደ ውስጥ እንሮጣለን ስል እሷ እዚያው ቆማ ቀረች። ኖራው ከግንባሯ ወደ ጉንጯ እየወረደ የዱቄት ሌባ አስመስሏት ነበር። ሳቅሁ።

«ድንጋዩ ሳቀ! ሐጂ፣ ይምጡ ይዩ፣ ድንጋዩ ሳቀ!»

እስካሁን ድረስ ይሰማኛል።

ታኅሣሥ ሲገባ ግን ውርጩ መጣ። ጎመኑ ባንድ ሌሊት ጠቆረ። ሎሚው ቅጠሉን ያራግፍ ጀመር። እሷ አላለቀሰችም፤ የረገፈውን ቅጠል እየለቀመች በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። አመሻሽ ላይ ጋቢዬን ከትከሻዬ አውልቄ ችግኙን ጠቀለልኩት።

«አንተስ?»

«እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት» አልኳት፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ።

ከዚያ በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እኔ አለብሰዋለሁ፣ እሷ ከቤት ውስጥ ሆና፣ «አለበስከው?» ትላለች። በልጉ ሲመለስ አንድ ቀን እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ጥፍር የምታህል ቀላ ያለች ቡቃያ ግንዱ ላይ ብቅ ብላለች። በጣቷ አሳየችኝ። የአባቷን ቤት «ቤታችን» ስትል ከዚያ ወዲያ አልሰማኋትም።

ፍሬ አላፈራም። ከቁመቴም አላለፈ። ሐጂም ጢማቸውን እንደያዙ ሞቱ፣ አላህ ይማራቸው። እሷ ቅጠሉን ሻይ ውስጥ ጣል እያደረገች ኖረች፤ የጎደለባት ነገር ያለ አይመስልም ነበር።

ታማ ቦሩ ሜዳ ሐኪም ቤት የተኛች ጊዜ በሚኒባስ እየተመላለስኩ እጠይቃት ነበር። ገና በሩ ላይ ስደርስ ዓይኗ ይከፈታል።

«አለበስከው?»

«አልብሼው ነው የመጣሁ።»

«ጫፉንም?»

«ጫፉንም።»

ከዚያ ትተኛለች። ሎሚው ያንን ታኅሣሥ አለፈ። እሷ አላለፈችውም።

አሁን የሐጂ ወራሾች ፎቅ ሠርተዋል። ከቀትር በኋላ ጥላው ካባችን ላይ ይጋደማል። ሰው በገዛ ቦታው ቢሠራ ምን ትለዋለህ? ፀሐይ ደግሞ ካርታ የላትም። ልጃችን ኮምቦልቻ ነው ያገባችው። ትደውልና፣ «አባ፣ ብርዱ ሳይገድልህ እዚህ ና። ሎሚ እንደሆነ በየደጁ ነው» ትለኛለች። እውነቷን ነው። «ይኸንን ማን ያለብሰዋል?» ስላት ግን፣ «ምሳ በላህ?» ትለኛለች።

ዛሬ ቅጠሉን ካሸተትኩ በኋላ መዳፌን ካቡ ላይ አሳረፍኩ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፣ ድንጋዩ ግን ቀዝቅዟል። ጋቢውን አመጣሁ። ጫፉንም ሸፈንኩ። ከቤት ውስጥ ድምፅ የምጠብቅ ይመስል ጥቂት ቆምኩ፤ ከዚያ ገባሁ።