ቧንቧ ሊሠራ የሄደው ወንድሜ

ታላቅ ወንድሜ ቧንቧ ሠሪ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ ጉሮሮው ግን ጠላቱ ነበር። «ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ፍሳሽ ስታቆም ኖረህ የራስህን ጉሮሮ ማቆም አቃተህ?» እለዋለሁ ፊት ለፊት። ይስቃል። ሲስቅ ደግሞ ይብሱን ያናድደኛል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አብረን ነው የምንኖረው፤ ምሳውንም ስድቡንም የማቀርብለት እኔ ነኝ።

ነገሩ የመረረው ልጁ የወለደች ዕለት ነው። አያት ሆንክ ሲባል ደስ ብሎት ጠጣ፤ በዚያው አፉ ሆስፒታል ሄደና ሕፃኗን ካላቀፍኩ አለ። አቅፎ ገና ሁለት እርምጃ ሳይራመድ ተንገዳግዶ ከአልጋው ጠርዝ ጋር ተላተመ። አማቹ ዘሎ ባይቀልባት ኖሮ፣ ወይኔ!

«አባዬ፣ ከእንግዲህ ልጄን አትነካትም» አለችው ልጁ። «እንዳንተ ያሉ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቦታ አለ አሉ። ሄደህ፣ የሆንከውን ሁሉ በአፍህ ተናግረህ፣ መጠጡን ትተህ ስትመጣ ያን ጊዜ እናያለን።» አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለን ነበር።

እኔ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። ከመስኮቴ ፊት ለፊት ማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። «መጠጥ ማቆም ለምትፈልጉ፣ ዘወትር ሐሙስ ከሥራ መልስ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት» የሚል ወረቀት ከተለጠፈበት ስንት ጊዜው! በየቀኑ እያየሁት ለሌላ ሰው የተለጠፈ ይመስለኝ ነበር። ገልብጬ አመጣሁና ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኩለት።

«ሰው ቢያየኝስ?» አለ።

«ኧረ ባክህ! ቦይ ውስጥ ተጋድመህ ሲያዩህ ያላፈርክ ሰውዬ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ልታፍር ነው?»

ሐሙስ ሲደርስ የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ ወጣ፤ ጎረቤት ለሥራ የሄደ እንዲመስለው ነው። ሲመለስ ፊቱ ፈካ ብሏል። «እንዴት ነበር?» ስለው «ጥሩ ሰዎች ናቸው» ብሎኝ እጁን ሊታጠብ ገባ። አራት ሳምንት እንዲሁ እየሄደ መጣ። ጠብታ አልቀመሰም፤ ትንፋሹን በየማታው ስለማሸት አውቃለሁ። ለልጁ ደውዬ አባትሽ እየሄደ ነው አልኳት።

«ተናገረ?» አለችኝ።

እኔ በምን አውቄ!

ከዚያ አንድ ቀን ስብሰባውን የሚመሩት ሴትዮ፣ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፣ ለደም ግፊታቸው ክሊኒክ መጡ። ካርዳቸውን ስፈልግ «ያ ቧንቧ ሠሪ ወንድምሽ ነው አሉኝ» አሉ። «እንዴት ያለ ቅን ሰው መሰለሽ! ይኸው በየሳምንቱ እየመጣ በነፃ ቧንቧችንን ይሠራልናል።»

ካርዱ ከእጄ ወደቀ። ለካ የመጀመሪያው ዕለት በሩን ሲያንኳኳ ሴትዮዋ ቦርሳውን አይተው «ተመስገን፣ ቧንቧ ሠሪው መጣ!» ብለው እየመሩ ጥግ ላይ ካለው መታጠቢያ ወስደውታል። እሱም «ለዚያ አይደለም የመጣሁት» ማለት አቅቶት ተንበረከከ። አንድ የቧንቧ ጎማ ቀይሮ የሚጨርሰውን ሥራ «የቀረውን ለሐሙስ» እያለ አራት ሳምንት አስረዘመው።

እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ቤት ገባሁ።

«አንተ! አንድ ጎማ ለመቀየር አራት ሳምንት? መጠጡስ ይሁን፣ ሙያህን ታሰድባለህ?»

አንገቱን ደፋ። «ጀርባዬን ሰጥቻቸው ስሰማ ይቀለኛል» አለ። «አንዱ መጋዘን ጠባቂ ልጁ የተመረቀ ዕለት ሰክሮ ከምረቃው እንደቀረ ሲናገር መፍቻው ከእጄ አመለጠኝ። የሚያወሩት ሁሉ የእኔ ነው፤ አንድም የሌላ ሰው ወሬ የለም። እኔ ግን ምን ብዬ ልጀምር?»

ገና ልሳደብ ነበር። አሳዘነኝ፤ ወንድሜ ነው፣ ምን ላድርግ?

በአምስተኛው ሐሙስ ቦርሳውን ቁም ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበትና እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት በር ሸኘሁት። ባዶ እጁን ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት አንዴ ኪሱ ይከታል፣ አንዴ ያወጣል። ነርሷ ከፈቱ።

«ዛሬስ መሣሪያህ የት አለ?»

«ቧንቧው ካለቀ ሦስት ሳምንቱ ነው እትዬ» አለ። ላብ አጥምቆታል። «ወንበር ካላችሁ ልቀመጥ ነው የመጣሁት። እኔም ሰካራም ነኝ። የልጅ ልጄን ልጥላት ነበር።»

«ውይ፣ በሞትኩት!» አሉ ሴትዮዋ አፋቸውን ይዘው። መጋዘን ጠባቂው ተነስቶ ወንበር ሳበለት። እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ በኋላ በየሐሙሱ ይናገር ጀመር። ለልጁም ራሱ ደውሎ የቧንቧውን ጉድ ሳይቀር ነገራት። በሦስተኛው ወር ቅዳሜ ጠዋት ሕፃኗን ይዛ መጣች። እስከ ክርኑ ታጥቦ ተቀመጠ፤ ሰጠችው። እኔ እጄን ከሥር ዘርግቼ እንደ በረኛ ቆሜያለሁ።

«አክስቴ፣ ነይ ዳቦ ገዝተን እንምጣ» አለች።

«ሕፃኗንስ?»

«አባዬ አለ አይደል?»

ወንድሜ ቀና ብሎ አያት። እየጎተተች አስወጣችኝ። የውጭው በር ጋ ስንደርስ እግሬ አልሄድ አለኝ፤ «ነጠላ ጫማ አድርጌ ወጣሁ፣ ልቀይር» ብዬ ወደ ኋላ ዞርኩ። ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ።

«እኔም ፈርቻለሁ፣ አክስቴ» አለች። «ቢሆንም እንሂድ።»

ሄድን።